በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሬ 97 ሆኖ ሳለ ሰውነትህ ኢንሱሊንን ይቋቋማል የተባልኩት ለምንድን ነው? (የባለሙያ ምላሽ)

ጥያቄ፦ «የ47 ዓመት ሰው ነኝ። የምኖረው ኮምቦልቻ ሲሆን ሥራዬ ከጅቡቲ ወደ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ከባድ መኪና ማሽከርከር ነው። ሲጋራ አላጨስም፤ መንገድ ላይ ግን ጫት እቅማለሁ። አባቴ በ51 ዓመታቸው ደረታቸውን ይዘው በድንገት አርፈዋል። ከሁለት ወር በፊት ሚሌ ላይ ወባ ይዞኝ ታክሜ ድኛለሁ። በቅርቡ በባዶ ሆዴ ተመርምሬ ስኳሬ 97፣ የሦስት ወሩ ስኳር 5.6 በመቶ፣ ጠቅላላ ኮሌስትሮል 186፣ ኤልዲኤል (መጥፎው የሚባለው ኮሌስትሮል) 108፣ ኤችዲኤል (ጥሩው የሚባለው ኮሌስትሮል) 32፣ ትራይግሊሰራይድ (በደም ውስጥ የሚገኝ የስብ ዓይነት) 231፣ የደም ግፊቴ ደግሞ 138 በ88 ሆነ። አንድ ሐኪም ስኳርህም ኮሌስትሮልህም ደህና ነው አሉኝ። ሌላው ግን ሰውነትህ ኢንሱሊንን ይቋቋማል፣ ለልብህም ያሰጋል አሉኝ። የማንን ልቀበል? ኢንሱሊን ለማስለካት አዲስ አበባ ድረስ መሄድስ አለብኝ?»

ምላሽ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ የሁለተኛውን ሐኪም ቃል ይቀበሉ። አዲስ አበባ መሄድ ግን አያስፈልግዎትም፤ ለሚፈልጉት መልስ የሚበቃው ማስረጃ በአብዛኛው እጅዎ ላይ ባለው ወረቀት ተጽፏል። የመጀመሪያው ሐኪም የነገሩዎት ሐሰት አይደለም። 97 ከ100 በታች ነው፣ 5.6 ከ5.7 በታች ነው፣ 108ም ብዙ የሚያስደነግጥ ቁጥር አይደለም። ችግሩ ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ከወሰናቸው ጋር ብቻ መነጻጸራቸውና እርስ በርሳቸው ሳይነበቡ መቅረታቸው ነው። እኔ ደሴ ላይ በውስጥ ደዌ ሕክምና በሠራሁባቸው ዓመታት እንደ እርስዎ ያለ ወረቀት ይዘው «ደህና ነህ ተብያለሁ» የሚሉ ሰዎችን አዘውትሬ አያለሁ፤ ስለዚህ ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ማስረዳት ይገባኛል።

ሾፌር ስለሆኑ በሚያውቁት መንገድ ልጀምር። ሙሉ ጭነት ይዘው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን ሲወጡ፣ የፍጥነት መለኪያውን ብቻ የሚያይ ሰው መኪናው በደህና እየሄደ ነው ይላል። ሞተሩን የሚሰማ ሰው ግን መኪናው ያን ፍጥነት ያገኘው በከባድ ማርሽ እየጮኸ፣ ነዳጅ እየበላና እየጋለ መሆኑን ያውቃል። በደምዎ ውስጥ ያለው ስኳር የፍጥነት መለኪያው ነው። ሞተሩ ኢንሱሊን የሚባለውን ስኳር ተቆጣጣሪ ሆርሞን የሚያመነጨው ቆሽት ነው፤ ዳገቱ ደግሞ ሰውነት ኢንሱሊንን መቋቋሙ፣ ማለትም ለኢንሱሊን አልታዘዝ ማለቱ ነው። ቆሽት አቅም እስካለው ድረስ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ኢንሱሊን እያመነጨ ስኳሩን 97 ላይ ያቆየዋል። ይህ ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል። ስኳር ከፍ ብሎ የሚታየው ዳገቱ ሲጀምር ሳይሆን ሞተሩ ሲደክም ነው፤ ስለዚህ በባዶ ሆድ የሚለካ ስኳር ከጠቋሚዎቹ ሁሉ ዘግይቶ የሚናገር ነው ብንል አንሳሳትም።

ታዲያ ቀድሞ የሚናገረው የቱ ነው? ኢንሱሊን ትእዛዝ የሚሰጠው በዋናነት በሦስት ቦታ ነው፦ ጡንቻ ስኳር እንዲቀበል፣ ጉበት ስኳር መሥራቱን እንዲያቆም፣ የስብ ሕዋሳት ደግሞ ያከማቹትን ስብ ይዘው እንዲቆዩ ያዛል። የስብ ሕዋሳት መታዘዝ ሲተዉ ስቡ ሳይቋረጥ ወደ ጉበት ይፈስሳል። ጉበትም የመጣለትን ስብ ወደ ትራይግሊሰራይድ ለውጦ ቪኤልዲኤል በሚባሉ ትላልቅ እሽጎች ጭኖ ወደ ደም ይልካል። እነዚህ እሽጎች በደም ውስጥ ከሌሎች የቅባት ተሸካሚዎች ጋር ጭነት ይለዋወጣሉ፤ ትራይግሊሰራይድ ሰጥተው ኮሌስትሮል ይቀበላሉ። በዚህ ልውውጥ ኤችዲኤል በትራይግሊሰራይድ ይሞላል፣ ከዚያ ያንሳል፣ ከደምም ቶሎ ይወገዳል። ኤልዲኤልም እንዲሁ እያነሰ ጥቃቅንና ጥቅጥቅ ያለ ይሆናል። በወረቀትዎ ላይ ትራይግሊሰራይድ 231 ሆኖ ኤችዲኤል 32 ላይ የወረደው በአጋጣሚ አይደለም፤ ሁለቱም የአንድ ሂደት ሁለት ጫፎች ናቸው።

ስለዚህ ባለሙያዎች ትራይግሊሰራይድን ለኤችዲኤል አካፍለው ያያሉ። የእርስዎ 231 ለ32 ሲካፈል ከ7 ይበልጣል። በሚሊግራም በዴሲሊትር ሲለካ ውጤቱ ከ3 ከበለጠ ሰውነት ኢንሱሊንን እየተቋቋመ ስለመሆኑ ጥርጣሬ ያነሣል (ላቦራቶሪው በሚሊሞል በሊትር ከጻፈ ይህ ወሰን 1.3 አካባቢ ይሆናል፤ የመለኪያው ዓይነት ሳይታይ ማካፈል ያሳስታል)። ከ7 በላይ ሲሆን፣ ከፍ ካለ የደም ግፊት ጋር ሲደመር፣ እኔ እንደ ሐኪም ለመወሰን ሌላ ምስክር አልጠብቅም።

እዚህ ላይ ለአንባቢ ሁሉ የሚጠቅም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ብዙ ጊዜ ስለማይነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገረው እፈልጋለሁ። ይህ ስሌት የተቀመረው በአብዛኛው በነጮች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ነው። በጥቁር አሜሪካውያንና በምዕራብ አፍሪካውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የአፍሪካ ዝርያ ያለው ሰው ኢንሱሊንን በጣም እየተቋቋመም ትራይግሊሰራይዱ ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ምክንያት ተደርጎ የሚጠቀሰው ትራይግሊሰራይድን ከደም የሚያጸዳው ኢንዛይም በዚያ ሁኔታ ውስጥም ሥራውን አለማቋረጡ ነው። ከዓመታት በፊት የሰኞ ገበያ ነጋዴ የሆኑ አንዲት እናት ወገባቸው ሰፍቶ፣ ትራይግሊሰራይዳቸው ግን 96 ሆኖ ወደ እኔ መጥተው ነበር፤ «ቅባትዎ ጥሩ ነው» ብዬ አሰናበትኳቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ውኃ ጥሙ ፋታ ነሥቷቸው፣ ስኳራቸው ከ280 በላይ ሆኖ ተመለሱ። ያን ቀን የተማርኩት ይህን ነው፦ በእኛ ሰው ላይ ከፍተኛ ትራይግሊሰራይድ ሲገኝ በቁም ነገር ይወሰዳል፣ ዝቅተኛ ሲገኝ ግን ለብቻው ነጻ አያወጣም። በእርስዎ ላይ ከፍ ብሎ መገኘቱ ታዲያ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ለዚህ ነው።

ስለ ሦስት ወሩ ስኳርም የምለው አለኝ። ይህ ምርመራ የሚለካው በቀይ የደም ሕዋስ ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው፤ ሕዋሱ 120 ቀን ገደማ ስለሚኖር ውጤቱ የወራት አማካይ ይሆናል። ወባ ግን ቀይ ሕዋሳትን ያፈርሳል። በምትካቸው የሚመጡት አዳዲስ ሕዋሳት ስኳር ለመሰብሰብ ጊዜ አላገኙምና ውጤቱ ከእውነተኛው ያነሰ ሊሆን ይችላል። እርስዎ ከሁለት ወር በፊት ወባ ታመው ስለነበር 5.6 የሚለውን ቁጥር አልተማመንበትም። የብረት እጥረት ያለበት ሰው ደግሞ በተቃራኒው ውጤቱ ከፍ ሊልበት ይችላል። ወባ በያዘው ሰው ላይ ትራይግሊሰራይድ እንደሚጨምርና ኤችዲኤል እንደሚወርድም ይታወቃል፤ ሁለት ወር ቢያልፍም የቅባት ምርመራው አንድ ጊዜ እንዲደገም የምፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ኢንሱሊንን በቀጥታ ስለመለካት ወደጠየቁት ልምጣ። በኦክስፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 የቀረበ ሆማ የሚባል ስሌት አለ፤ በባዶ ሆድ የተለካው ስኳር በኢንሱሊኑ መጠን ተባዝቶ ለ405 ይካፈላል። ለምሳሌ የእርስዎ ኢንሱሊን 15 ቢሆን 97 በ15 ተባዝቶ ለ405 ሲካፈል 3.6 ገደማ ይመጣል፤ ብዙ ባለሙያዎች ከ2 ወይም ከ2.5 በላይ ሲሆን ከፍ ያለ ነው ይላሉ። ነገር ግን ኢንሱሊን ከቆሽት የሚወጣው እየቆራረጠ ስለሆነ በደቂቃዎች ልዩነት ይለዋወጣል። የላቦራቶሪዎች የመለኪያ ዘዴም አንድ ወጥ ስላልሆነ በአንዱ ዘንድ 15 የሆነው በሌላው 11 ሊባል ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ሕክምናዎን አይለውጠውም። 15 ቢሆንም 25 ቢሆንም የምነግርዎት ያንኑ ነው። ለመንገድና ለምርመራ የሚያወጡትን ገንዘብ በሚጠቅም ነገር ላይ ያውሉት።

የሚጠቅመው በቅርብዎ የሚሠራ፣ ዋጋውም ቀላል የሆነ ምርመራ ነው። በባዶ ሆድ ስኳርዎ ከተለካ በኋላ 75 ግራም ግሉኮስ በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣሉ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ይለካሉ። በሁለተኛው ልኬት ከ140 በታች ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከ140 እስከ 199 ቅድመ ስኳር ነው፤ 200ና ከዚያ በላይ ስኳር ሕመም ነው። ይህ ምርመራ ሞተሩን በዳገት ላይ መፈተን ነው። በባዶ ሆድ ሲለካ ደህና የሚመስል ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይገለጣል፤ የወባ ታሪክም አያዛባውም። ከምርመራው በፊት በነበሩት ሦስት ቀናት እንደወትሮው እንጀራዎን ይብሉ፤ ሌሊቱን ሲቅሙና ሲያሽከረክሩ አድረው ግን አይምጡ።

አሁን ስለ ልብዎ እንነጋገር። ዋናው የምላሼ ክፍል ይህ ነው። ወረቀትዎ ላይ ያለው ኤልዲኤል 108 የተገኘው በመለካት ሳይሆን በሒሳብ መሆኑ ከቁጥሮቹ ይታያል። ትራይግሊሰራይድ ለ5 ሲካፈል 46 ይሆናል፤ ከ186 ላይ 32ና 46 ሲቀነስ 108 ይቀራል። ይህ ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራበት ቀመር ነው፤ ትራይግሊሰራይድ ከ400 ሲያልፍ አይሠራም፣ ከፍ እያለ ሲሄድም አስተማማኝነቱ ይቀንሳል። ከዚህ የሚበልጠው ግን ኤልዲኤል የሚነግረን የተጫነውን ኮሌስትሮል ክብደት እንጂ የተሸካሚዎቹን ብዛት አለመሆኑ ነው። የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ገብቶ የሚቀረውና እየተጠራቀመ የሚያጠበው ተሸካሚው ራሱ ነው። ኢንሱሊንን በሚቋቋም ሰው ላይ እያንዳንዱ ተሸካሚ ትንሽ ኮሌስትሮል ስለሚይዝ፣ ያው 108 በብዙ ተሸካሚዎች ተከፋፍሎ ሊገኝ ይችላል። ያው መቶ ኩንታል በሁለት ከባድ መኪና ወይም በሃያ ትንንሽ ፒካፕ ሊመጣ እንደሚችል ነው። መንገዱን የሚያጨናንቀው የኩንታሉ ቁጥር አይደለም።

ተሸካሚዎቹን በቀጥታ መቁጠር ይቻላል። እያንዳንዱ ጎጂ ተሸካሚ አፖ ቢ የሚባል ፕሮቲን አንድ ብቻ ስለሚይዝ፣ አፖ ቢን መለካት ተሸካሚዎቹን መቁጠር ነው። ይህን ምርመራ ማግኘት ካልተቻለ፣ ምንም ተጨማሪ ወጪ የሌለው ለአፖ ቢ የቀረበ ልኬት አለ፤ ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤልን መቀነስ ነው። የእርስዎ 186 ሲቀነስ 32፣ 154 ይሆናል። በዚህ ውስጥ ኤልዲኤል ብቻ ሳይሆን እነዚያ ከጉበት የሚወጡ እሽጎችና ቅሪቶቻቸውም አሉ። ለእርስዎ ይህ ቁጥር ከ130 በታች እንዲወርድ እፈልጋለሁ። ከቁርስ በኋላ ቢመረመሩም ብዙ አይለወጥም። ከወረቀትዎ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ይከታተሉ ብባል የምመርጠው ይህን ነው፤ በብዙ ላቦራቶሪዎች ወረቀት ላይ ተሠልቶ አለመጻፉ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ምናልባት «ታዲያ ኤችዲኤሌን የሚጨምርና ትራይግሊሰራይዴን የሚያወርድ መድኃኒት ለምን አልወስድም?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሕክምናው ዓለምም ብዙ ደክሞበታል። ኤችዲኤልን በመድኃኒት ከፍ ካደረጉት ትላልቅ ሙከራዎች አብዛኞቹ የልብ ሕመምን አልቀነሱም፤ ቶርሴትራፒብ የተባለው መድኃኒት እንዲያውም ሞት ስለጨመረ ሙከራው እ.ኤ.አ. በ2006 ተቋርጧል። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ በታወቀ ሌላ ሙከራ ደግሞ ስኳር ሕመም ያለባቸው፣ ትራይግሊሰራይዳቸው ከፍ፣ ኤችዲኤላቸው ዝቅ ያለ ከ10,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ፔማፋይብሬት የተባለው መድኃኒት ትራይግሊሰራይዳቸውን በሩብ ገደማ ቢቀንሰውም የልብ ሕመምንና ስትሮክን አልቀነሰም፤ አፖ ቢም አልወረደም ነበር። ከዚህ የምንረዳው ትራይግሊሰራይድና ኤችዲኤል በሽታው የት እንዳለ የሚጠቁሙ መሆናቸውን ነው። ልብን የሚያድነው ግን የተሸካሚዎቹ ቁጥር መቀነሱና ግፊቱ መስተካከሉ ነው። ትራይግሊሰራይድ ከ500 ካለፈ ነገሩ ይለያል፤ ያን ጊዜ የቆሽት መቆጣት ስለሚያሰጋ ራሱን ችሎ ይታከማል። እርስዎ እዚያ አልደረሱም።

እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካዊው ሐኪም ጄራልድ ሪቨን እነዚህን ምልክቶች በአንድ ላይ አሰባስበው ሥረ መሠረታቸው ኢንሱሊንን መቋቋም መሆኑን አስረዱ። ዛሬ ከአምስት ነገሮች ሦስቱ ሲገኙ ሜታቦሊክ ሲንድሮም ይባላል፦ የሰፋ ወገብ፣ 150ና ከዚያ በላይ ትራይግሊሰራይድ፣ ለወንድ ከ40 ለሴት ከ50 ያነሰ ኤችዲኤል፣ ከ130 በ85 ያላነሰ የደም ግፊት፣ ከ100 ያላነሰ የባዶ ሆድ ስኳር። የእርስዎ ወገብ ሳይለካና ስኳርዎ ሳይቆጠር ሦስቱ ተሟልተዋል። ወገብዎን ግን ይለኩ፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌው አጥንት መካከል፣ ትንፋሽ አውጥተው፣ ሆድ ሳይስቡ ይለካ። ለአፍሪካውያን ወንዶች በጊዜያዊነት የተቀመጠው ወሰን 94 ሴንቲሜትር፣ ለሴቶች 80 ነው። የደም ግፊቱንም ከጅቡቲ ገብተው በቂ እንቅልፍ በተኙ ማግሥት፣ ጫት ባልቀመሱበት ቀን፣ አምስት ደቂቃ ተቀምጠው እንደገና ያስለኩት።

ሐኪምዎ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን የልብ ሕመም ስጋት ሠንጠረዥ ሊጠቀሙ ይችላሉ። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን የሚጠይቀው ዕድሜን፣ ጾታን፣ ማጨስን፣ የደም ግፊትን፣ ስኳር ሕመምንና ጠቅላላ ኮሌስትሮልን ነው። ኤችዲኤልን፣ ትራይግሊሰራይድን፣ የአባትዎንም ሞት አያውቅም። ስለዚህ ዝቅተኛ ስጋት ቢያሳይዎ ሐኪምዎ እነዚህን ሦስቱን ከጎኑ ጽፈው እንዲወስኑ ይንገሯቸው። አባት ከ55 ዓመት በፊት በልብ ምክንያት መሞቱ ስጋትን ከፍ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ነው። በዘር የሚወረሰውና በአፍሪካ ዝርያ ላይ ከፍ ብሎ የሚገኘው ኤልፒ ትንሿ ኤ የሚባለው የቅባት ዓይነትም ካገኙት በዕድሜዎ አንድ ጊዜ ቢለካ ይበቃል። ሲአርፒ የሚባለውን የብግነት ጠቋሚ ግን ለጊዜው ይተዉት፤ ጉንፋንም የጥርስ ሕመምም ከፍ ያደርገዋል።

ስለ ኑሮዎ ስናገር ሥራዎ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሳልዘነጋ ነው። መጀመሪያ የማነሣው ጫቱን ነው፤ ይኸውም ለመንቀፍ ሳይሆን ከጫቱ ጋር የሚመጡት ነገሮች በዚህ ወረቀት ላይ ስለሚታዩ ነው። ጫት ራሱ የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የደም ሥርን ያጠባል፤ በየመን በተደረገ ጥናትም ድንገተኛ የልብ ሕመም በቃሚዎች ላይ በዝቶ ታይቷል። ከእሱ ጋር ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ይጠጣል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ወደ 30 ግራም ስኳር ይይዛል፤ ጉበት ከዚያ ስኳር ከፊሉን ወደ ትራይግሊሰራይድ ይለውጠዋል። ከዚያ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ጥቂት ሌሊት በደንብ አለመተኛት ብቻውን ሰውነት ለኢንሱሊን ያለውን ታዛዥነት ይቀንሳል። ጫቱን በአንድ ጊዜ መተው ቢከብድዎ ለስላሳውን ዛሬ ይተዉ። የትራይግሊሰራይዱ ቁጥር በሳምንታት ውስጥ ሲወርድ ያዩታል።

ቀጥሎ ዘይቱ ነው። ደሴ ላይ በክረምት ጠዋት ጀሪካን ውስጥ ረግቶ የሚገኘው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው፤ ተሸካሚዎቹን የሚያበዛውም ይኸው ነው። የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ቢተካ፣ መጠኑም ቢቀንስ፣ ያ 154 ይወርዳል። እንጀራን መጥላት አያስፈልግም። ምስሩ፣ ሽሮውና ጎመኑ በዝተው እንጀራው ቢያንስ፣ መንገድ ላይም በብስኩት ፋንታ የገብስ ቆሎ ቢያዝ ይበቃል። በረመዳንም ቢሆን ማፍጠሪያው ላይ ሁለትና ሦስት ተምር በውኃ ይብቃዎት፤ ጣፋጭ ጭማቂውን ይተዉት። ከምግብ በኋላ ሩብ ሰዓት ይራመዱ። የሚሠራ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊንም ስኳር ስለሚቀበል፣ ለእርስዎ ሰውነት ይህ ዳገቱን ማለፊያ አቋራጭ መንገድ ነው፤ ሚሌ ላይ ቀኑ ስለሚያቃጥል ከመግሪብ በኋላ ቢሆን ይሻላል። ክብደትዎ ከፍ ያለ ከሆነም ከመቶ 7 እጁን መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ፣ ቅድመ ስኳር የነበራቸው ሰዎች ወደ ስኳር ሕመም እንዳይሻገሩ ስጋቱን በ58 በመቶ እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ተረጋግጧል። በዚያው ጥናት ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት የቀነሰው በ31 በመቶ ነበር።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ይህ ይሁን። በዚህ ወር የግሉኮስ ምርመራውን፣ ከእሱ ጋር የኩላሊትና የጉበት ምርመራ፣ በሽንት ውስጥ ያለውን አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን፣ የልብ ኤሌክትሮካርዲዮግራም ያድርጉ። ከሦስት ወር በኋላ፣ ወባውም ሙሉ በሙሉ ከደምዎ ታሪክ ሲርቅ፣ የቅባት ምርመራውንና የሦስት ወሩን ስኳር ይድገሙ። ያ 154 ከ130 በታች ካልወረደ፣ ከአባትዎ ታሪክ የተነሣ ስታቲን (ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት) መጀመሩን እኔ እደግፋለሁ፤ ስኳር ሕመም ከተገኘ ደግሞ ዕድሜዎ ከ40 በላይ ስለሆነ ሦስት ወሩን ሳይጠብቁ ሊጀመር ይገባል። በዚህ መካከል ዕቃ ሲያነሡ ወይም ጎማ ሲቀይሩ ደረትዎን የሚያፍን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ሲያርፉ የሚለቅ ሕመም ከተሰማዎ ግን ይህን ቅደም ተከተል ሁሉ ይተዉትና መኪናውን አቁመው በዚያኑ ዕለት በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ይሂዱ። የአባትዎ ልጅ እርስዎ ብቻ ካልሆኑም ወንድሞችዎና እኅቶችዎ፣ ኮምቦልቻም ይኑሩ ደሴ፣ ስኳራቸውን ብቻ ሳይሆን ቅባታቸውንና ግፊታቸውን እንዲለኩ ይህን ወረቀት ያሳዩአቸው።